ስሜን አይጻፉልኝ

ውድ ማዳም ሙሪየል፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ያ የቦርንማውዙ ሐኪም አሁንም ደረጃ አይውጡ እያለ ያስቸግርዎታል? እኔ ደህና ነኝ። መርከባችን ዛሬ ትሪየስቴ ቆሟል። እንግዶቹ ወርደው ከተማውን ሲዞሩ እኔ ወደቡ ፊት ለፊት ካለች አይስክሬም ቤት ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ባለቤቷ አንድ አይስክሬም ገዝታ ጠረጴዛ የያዘች ሴትዮ መቼ ነው የምትነሳልኝ እያለ ያየኛል። ይየኝ!

ካርድዎ ደርሶኛል። አለቃችን ዝቮንኮ ራሱ ነው ያመጣልኝ፣ አንብቦ ሲያበቃ። መልሱን በመርከቡ ቢሮ በኩል ያልላክሁትም ለዚሁ ነው። ሠራተኛ ለእንግዳ ደብዳቤ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ስለ ጉርሻ መጻፍማ አይነሳም። እርስዎ ግን ጠየቁኝ። «የእህቴ ልጅ ለመርከብ ሠራተኞች ጉርሻ ታበዣለሽ ትለኛለች፤ እስቲ አንቺ በግልጽ ንገሪኝ፣ የሚገባው ምንድን ነው? መጀመሪያ ነው የሚሰጠው፣ መጨረሻ?» ብለዋል። ከታች ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መርከቡ ላይ ክፍል እንደያዙና እኔን በስሜ እንደጠየቁ ጽፈዋል። ያቺን የታችኛዋን መስመር ሳነብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የእንግዳ አልጋ ነበር፣ ገና ያነጠፍኩት።

መጀመሪያ ጥያቄዎን ልመልስ፣ ከዚያ ወደ ራሴ እመጣለሁ።

በየቀኑ ሂሳብዎ ላይ የሚታሰበውን የአገልግሎት ክፍያ አያሰርዙ። እሱ ለእኔ ብቻ አይደለም፤ እርስዎ አይተዋቸው ለማያውቁት፣ ከታች አንሶላ ለሚያጥቡት፣ ሳህን ለሚያነሱት ሁሉ ይከፋፈላል። አንዳንዶች በመጨረሻው ቀን እንግዳ መቀበያው ጋ ተሰልፈው «እኔ በእጄ ነው የምሰጣት» ብለው ያሰርዙታል። እሺ፣ ይስጡ! በነጋታው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ጣሪያው ላይ ምን አለ? አንዱማ ፖስታ ትራሱ ላይ ትቶልኝ ነበር። ስከፍተው ምክር ጽፏል፤ «ገና ወጣት ሳለሽ መቆጠብ ልመጂ» ይላል። የልጅ ልጅ ለማየት ለደረስኩት ሴትዮ! በሳቅ ሞትኩ።

ከዚያ በላይ መስጠት የፈለገ በፖስታ አድርጎ ሠራተኛውን ዓይኑን እያየ ቢሰጥ ይበቃል። መጀመሪያም ይሁን መጨረሻ ልዩነት የለውም። የተረፈ ሻምፑና የተጀመረ ቸኮሌት ጉርሻ አይደለም። የእህትዎን ልጅ ሰላም ይበሉልኝ፤ አላበዙም፣ አላሳነሱም።

ከገንዘቡ የሚበልጥ ግን ሌላ አለ። የአስተያየት ካርዱ ላይ የሠራተኛውን ስም መጻፍ። ስሙ የተጻፈለት ኮንትራቱ ይታደሳል፣ ያልተጻፈለት ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል። የእኔን ስም እርስዎ በየጉዞው ጽፈውልኛል። ባለፈው ጊዜ ካርዱ አልበቃዎት ብሎ ጀርባው ላይ ቀጥለዋል። ዛሬ የምለምንዎ በዚሁ ጉዳይ ነው፣ ማዳም። ስሜን አይጻፉልኝ። ለኅዳርም የጠየቁኝን ይተዉልኝ።

እባክዎ አሁን ደብዳቤውን አያስቀምጡት። ያንብቡልኝ።

የመጀመሪያ ጊዜ በረንዳዎ ላይ ያወራነውን ያስታውሳሉ? ፎጣ ልቀይር ገብቼ እርስዎ ውኃውን እያዩ ነበር። «የእኔ ጄፍሪ ባሕር ላይ ነው» አሉኝ። ባልዎ ሞተው አመዳቸውን ባሕር ላይ እንደበተኑት እኔ በምን አውቄ? መርከበኛ መስሎኝ ደስ አለኝ። «ያንቺስ ባል?» አሉ። «የእኔም ባሕር ላይ ነው ማዳም» አልኩ። እጄን ያዙ። ዓይንዎ እንባ ሞላ። «አይዞሽ ልጄ» ሲሉኝ ነው የገባኝ።

ማዳም፣ ኤልፒድዮ የእውነት ባሕር ላይ ነው። ሌላ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ይሠራል። በሕይወት አለ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ያኔውኑ ልነግርዎ ሞክሬአለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። «አይ ማዳም፣ እሱ ያበስላል» አልኩዎ። «ያበስላል?» አሉ። «አዎ፣ ለሦስት ሺህ ሰው ነው የሚያበስለው» አልኩ። ወደ ሰማይ ቀና ብለው «እንዴት ደስ የሚል እምነት ነው!» አሉኝ። እኔም ግራ ገብቶኝ «ደመወዙም ደህና ነው» ብዬ ጨመርኩ። እርስዎ ደግሞ «የደግ ሰው ዋጋ አይጠፋም» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ሌላ ቀን ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁዎ። መነጽርዎን ፈልገው አጡ። «እንዴት ያለ ሸበላ ነበር!» አሉ። «ነው፣ ማዳም፣ ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «አዎ ልጄ» አሉኝ፣ «ለእኛ ሁልጊዜም ነው። ነበር ማለት የሌላው ሰው ነው።» ይሄ አነጋገርዎ ልቤን ነካው፤ አፌንም ዘጋው። እንዲህ የምታዝን ሴት ፊት ቆሜ «ኧረ የእኔስ ትናንት ደውሎ ካልሲዬ ጠፋ ሲለኝ ነበር» እንዴት ልበል? እኛ ደሴት፣ ጊማራስ፣ ሰው ማሳፈር ከመስረቅ አይተናነስም።

ከዚያማ የጄፍሪ ሙት ዓመት ቀን መጣ። ሁለት ጽጌረዳ አስገዝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንድ ላይ እንጣልላቸው» አሉ። ለሠራተኛ ከመርከብ ላይ ምንም ነገር ወደ ባሕር መጣል ያስባርራል። እሱ ግን ትዝም አላለኝ። ትዝ ያለኝ በቁሙ ላለ ሰው አበባ መጣሌ ነው። ግን ጣልኩት። እናቴ ብታየኝ በጥፊ ነበር የምትለኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሟርት ሲደረግ እንዳይደርስ ቶሎ እንጨት ይንኳኳል፤ መርከብ ላይ እንጨት ከየት ይምጣ? ሁሉም ብረትና ፕላስቲክ። ቁም ሳጥንዎን ከፍቼ የእንጨቱን ኮት መስቀያ አገኘሁና እሱን አንኳኳሁ። እርስዎ ከበረንዳው ሆነው «ማነው? ይግቡ!» አሉ።

እንደወጣሁ ወደ ኤልፒድዮ ደወልኩ። «አለህ?» አልኩት።

«የለሁም» አለኝ። «ሬሳ ነው የሚያናግርሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከኋላው ያሉት ወጥ ሠሪዎች ሁሉ ምንድን ነው ምንድን ነው ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ፍሎር» አለኝ፣ «ሴትየዋ ተሳስተው ነው የቀበሩኝ። አንቺ ግን አትቀላቀያቸው። እኔ ያለሁት አንቺ ስላለሽ ነው።»

እንዲህ የሚናገር ሰው አይደለም፣ ማዳም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው የሚያወራው።

ኑሯችን እንዲህ ነው። ጊማራስ ቤት ሠርተናል፤ ጣሪያው ላይ የእርስዎም ፖስታ አለበት፣ እኛ እንዲህ ያለውን የውለታ እዳ «የውስጥ እዳ» እንለዋለን፣ ተከፍሎ አያልቅም። ግን በዚያ ጣሪያ ሥር አብረን አድረን አናውቅም ብል ይሻላል። እኔ ስመጣ እሱ ኮንትራቱ ይጀምራል። ቤት ስገባ ሸሚዙ ታጥቦ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል፤ እሱ ሲገባ ደግሞ የእኔ ቀሚስ። ጎረቤቶቻችን «እናንተ በፈረቃ ነው እንዴ የተጋባችሁት?» ይሉናል። ልጃችን ስታገባ እሱ በስልክ ነበር የመረቃት፣ ያውም መስመሩ እየተቆራረጠ።

ባልና ሚስት አንድ መርከብ ላይ ከተመደቡ ኩባንያው አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል። እሱ ያለበት መርከብ ላይ የእኔ ዓይነት ቦታ ክፍት ሲሆን አመለክታለሁ። በተፈቀደልኝ ቁጥር የእርስዎ ጥያቄ ቀድሞኝ ይገኛል። አሁን ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ቦታ ተከፈተ። ሮጬ ዝቮንኮ ጋ ሄድኩ። ከወንበሩም አልተነሳ።

«ፍሎር፣ አሮጊቷ የዓመቱን እኩሌታ ይዛለች» አለኝ። «ስምሽን ከነክፍሉ ጽፋለች። አንቺን ብለቅ እኔን ነው የሚለቁኝ።»

«እሳቸው ትሂድ ቢሉስ?»

«በእጇ ከጻፈች ሻንጣሽን ራሴ እሸከምልሻለሁ። ግን ለምን ትጽፋለች? አንቺን የመሰለ ሰው የት ታገኛለች?» ብሎ ሳቀ፣ ያመሰገነኝ መስሎት።

አዩት? ጥሩ በሠራሁ ቁጥር በሩ ይዘጋብኛል። ዘንድሮ አልጋዎን ጠማማ አድርጌ ላንጥፍ፣ ሻይዎን ላቀዝቅዝ ብዬ አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ክፍል የምጋራት፣ ከጎዋ የመጣችው ፊሎሜና ይህን ልጽፍ ነው ስላት አልጋዋ ላይ ተነስታ ቁጭ አለች። «አብደሻል?» አለችኝ። «ለጉርሻ ስትል ባሏን ገደለች ነው የሚሉሽ! ሴትየዋ ለቢሮ አንድ ቃል ብትተነፍስ ሁለታችሁም ከሥራ ውጭ ናችሁ፤ ያኔ ከባልሽ ጋር አንድ ቤት ትገቢያለሽ፣ ሥራ ፈት ሆናችሁ።»

«እሱም ቢሆን አንድ ቤት ነው» አልኳት።

«ቀልጂ» አለችኝ። ቀልዴን አልነበረም፤ ግን ፈርቻለሁ። እውነቷን ነው። ብጽፍ እንጀራዬ በእጅዎ ነው፣ ባልጽፍ ትዳሬ። ይህን ወረቀት የምልከው ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እቀደው ነበር።

ስለ ፖስታዎቹ አስቤበታለሁ። ለባል የለሽዋ ብለው ያዘኑልኝን ኀዘን ይውሰዱት፣ የእኔ አይደለም። ገንዘቡን ግን አልመልስም። እሱን ሠርቼበታለሁ፣ በጉልበቴም በወገቤም። የማይቀሙኝ ሌላም ነገር አለ፤ ማዕበል ሲሆን እርስዎ አልጋ ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ስለ ጄፍሪ ያወሩኝ። ያኔ የሰማሁዎ ለጉርሻ አልነበረም፣ ማስመሰልም አልነበረበትም። የሚናፍቁት ሰው ባሕር ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ፤ የእኔ መመለስ ይችላል፣ ልዩነታችን ይህ ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፣ ማዳም፣ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ለቢሮው በእጅዎ ጥቂት መስመር ይጻፉ፣ ፍሎርዴሊሳ ትሂድ ብያለሁ ይበሉ። ምክንያቱን አይጠይቁዎትም፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። ሁለተኛው፣ ኅዳር ሲመጡ ክፍልዎን ፊሎሜና ትያዝልዎ። እንደ እኔ ወሬኛ አይደለችም፣ ዓይን አፋር ናት፣ ለዚህም ነው ካርድ ላይ ስሟ የማይነሳው፤ ኮንትራቷም በዚህ ጉዞ ያልቃል። ትራስዎ ሁለት እንዲሆን፣ መስኮቱ በጥቂቱ እንዲከፈት፣ ሻይዎ ወተቱ ቀድሞ እንዲገባ ነግሬአታለሁ። ጄፍሪንም ነግሬአታለሁ። የእሷን ስም ይጻፉ፤ እሷ መቆየት ነው የምትፈልገው።

ከተቆጡብኝም ይቆጡኝ። ኅዳር ላይ በርዎን ከፍቼ ካየሁዎ መልስዎን አውቀዋለሁ፣ አንሶላዎንም ቀጥ አድርጌ ነው የማነጥፈው።

የአይስክሬሙ ሰውዬ መጥቶ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀምሯል። መርከቡም ሊጠራን ነው። ፖስታ ቤቱ እዚያ ማዶ ይታየኛል፣ እግሬ ሳይለግም ልሻገር።

ካልተቀየሙኝ ግን፣ አንድ ጊዜ እኛ ያለንበትን መርከብ ይያዙ። ከእራት በኋላ አስተናጋጁን ወጥ ሠሪውን ጥራልኝ ይበሉት። ኤልፒድዮ ረጅም ነጭ ቆቡን አድርጎ ይመጣል፣ ይጨብጥዎታል። እጁ ሞቃት ነው። ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሚሸት ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ፍሎርዴሊሳ ጉምባን
የኤልፒድዮ ጉምባን ሚስት