በጸበል የታጠበ ገል

እሑድ፣ ኅዳር 10 ቀን 1965

አጥንት አይደለም አለችኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሦስቴም አይደለም አለች። ታዲያ በካርቶን ሞልተሽ አልጋሽ ሥር የከተትሽው ምንድን ነው ብላት፣ «ገል ነው እማዬ፣ የተሰበረ ሸክላ» ብላ ሳቀች።

ገል ስትል ድንግጥ አልኩ። ለምን እንደደነገጥኩ እሷ አታውቅም። የሚያውቀው አባቷ ተሰማ ብቻ ነው፣ እሱም የጭነት መኪናውን ይዞ ጅማ መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ይመጣል።

ወይንሸቴ ሁለት ዓመት ነርስነት ተምራ ዘንድሮ ወደ ስድስት ኪሎ ተዛወረች። «ተዛወርኩ» ስትለኝ እኔ ደግሞ ሹመት መስሎኝ እልል ልል ነበር። ለካ ትምህርቱን መቀየሯ ነው። የምትማረው የድሮ ነገር ነው፦ የግሪክ ፊደል፣ ግዕዝ፣ ደግሞ ያ መሬት እየቆፈሩ የሚማሩት አርኪዮሎጂ የሚባለው። እኔ «አርኪ» የምትለዋን ብቻ ያዝኩ። የሚያረካት ከሆነ ይሁን ብዬ ተውኩት።

ግን ዝውውሩ አልጸናም። ይሄ መንፈቅ የሙከራ ነው። መምህሩ ትችላለች ብለው ካልፈረሙላት አለቀ፣ ነርስ ቤቱም ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶታል። ሐሙስ ገሎቹን ከነደብተሯ ታስረክባለች፣ ፈተናው እሱ ነው።

የምፈራውን ልጻፈው፣ ሲጻፍ ይቀላል ትላለች እሷ።
የምትቆፍረው ጉድጓድ የመቃብር እንዳይሆን።
መምህሩ እንዳይመልሷት።
ስድስት ኪሎ በር ላይ ፖሊስ በዝቷል የሚባለው።
አራተኛውን አልጽፈውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

እትዬ የሺ መጡ። የተሰማ ታላቅ እህት ናቸው፣ ቤታቸው ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ ከቀራንዮ ቅዳሴ መልስ ሳይገቡ አያልፉም። ደግ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን አያርፍም።

«ዘነቡ፣ ልጅቱ ሕያው ማከም ትታ ሙት ትቆፍራለች የሚባለው እውነት ነው?»

መቃብር አይደለም፣ ከመናገሻ ወዲያ ሰው ይኖርበት የነበረ ያረጀ ሰፈር ነው አልኳቸው።

«ሰው ከኖረበትማ ሞቶበታል» አሉኝ። እውነት ነዋ።

ከሄዱ በኋላ ካርቶኑን ሳብኩት። እያንዳንዱ ገል በጋዜጣ ተጠቅልሏል። አንዱን ፈታሁ። ከውስጥ በኩል በጥቁር ቀለም የጉንዳን እግር የምታክል ጽሑፍ አለች። የእኛ ፊደል አይደለችም፣ እኔ ደግሞ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ስማር ከእኛ ፊደል ወዲያ ብዙም አልሄድኩ። ሌላውም ላይ አለ፣ ሁሉም ላይ አለ። ከሙታን ሰፈር የወጣ ሸክላ ላይ የተጻፈ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? ድግምት ነው አልኩ። ልጄ እላዩ ላይ ተኝታ ነው የምታድረው።

ነገ ማለዳ ጸበል አመጣለሁ። ለእሷ አልነግራትም፣ ትስቅብኛለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ምን ጉድ ሠራሁ።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ቤቱ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ የሚያጥንበት ቀን። ከአስኮ እስከ አየር ጤና ጭስ ብቻ ነው። ወይንሸት ትምህርቷ ሄዳለች። እኔ ጸበሉን ከሳፋው ውሃ ጋር ቀላቅዬ፣ አመድና ቃጫ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንድ በአንድ ፈተግኳቸው። ያቺ ጽሑፍ ቶሎ አትለቅም ነበር፣ እኔም ባልለቀቀች ቁጥር ይበልጥ ፈራሁ፣ በፈራሁ ቁጥር ይበልጥ ፈተግሁ። አርባ ስድስት ገል። አንድ ነጥብ አላስቀረሁም። ጋዜጣውን ሰብስቤ ደጅ የሚነደው ላይ ጨመርኩት። ገሎቹን ጸሐይ ላይ አሰጣሁና ደስ ብሎኝ ወጥ ሠራሁ።

አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ግቢው መሀል ቆመች።

«እማዬ፣ ጽሑፉስ?»

«ለቀቀ፣ ተመስገን» አልኳት።

«የእኔ ጽሑፍ እኮ ነው።»

ለካ በግሪኩ ፊደል የተጻፈ ቁጥር ነው። የትኛው ገል ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ክንድ ጥልቀት እንደወጣ የሚናገር ቁጥር። ራሷ ናት ሁለት ሳምንት ቁጭ ብላ የጻፈችው። እሱ ከሌለ ገሉ ማንም መንገድ ላይ የሚረግጠው ገል ነው አለችኝ። ጋዜጣው ላይም ተጽፎ ነበር። ጋዜጣውስ የት ሄደ? ከኅዳር ጋር ታጠነ።

ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። ገሎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አንዱን አንስታ ታገላብጠው ጀመር። ወጡን አልቀመሰችም። እኔም አልቀመስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ከትምህርቷ ቀረች። ደብተሯን ዘርግታ ገሎቹን ከጻፈችው ጋር ልታገናኝ ከጠዋት ጀምራ ትታገላለች። ደብተሩ ላይ የተሳሉት አሥራ ስምንቱ ብቻ ናቸው፣ እነሱን ቶሎ አገኘቻቸው። የቀሩት በቃል ብቻ ነው የተጻፉት። «ቀይ፣ ወፍራም»፣ «ጥቁር፣ አንገት»። ቀይ ወፍራም ደግሞ ደርዘን ነው።

እኔ በር ላይ ምስር እየለቀምኩ አያታለሁ። አንዱን አንስታ «አንገት» ካለው ጋር አደረገችው።

እጄ ቀደመኝ፣ ገሉን ወሰድኩባት። «እሱ አንገት አይደለም ልጄ፣ ቂጡ ነው። አንገት ቢሆን የሠሪዋ የጣት መስመር ይዞር ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሌላ ሰጠችኝ፣ ሌላም ሰጠችኝ። ምስሩን ተውኩት።

አሸዋ የበዛበትን ለብቻ አደረግሁ። በወንዝ ድንጋይ ታሽቶ የሚያብለጨልጨውን ለብቻ። አሮጌ ገል ተወቅጦ ከአዲሱ ጭቃ ጋር የተለወሰበትን ለብቻ፣ እሱ ስብራቱ ላይ ነጠብጣብ አለው፣ በጥፍር ሲነካም ይሻክራል። ሦስት ክምር ሆነ። ደብተሯን አየችና «የላይኛው፣ የመካከለኛው፣ የታችኛው» አለች። እንደ ጥልቀታቸው ዕድሜያቸው ይለያያል ማለት ነው። አንዱን ማሰሮ የሠራችው ግራኝ ሴት እንደሆነችም ነገርኳት፣ የጣቷ ዱካ ወደ ሌላ በኩል ነው የሚሄደው።

ያን ጊዜ ነው የጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ የቅቤ ነጋዴ ልጅ ይሄን ከየት ያውቃል?»

እሑድ ያልጻፍኩት አራተኛው ይሄ ነው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቦንጋ አጠገብ። ከገበያ ስንመለስ ውሃ ብንለምን በዋንጫ አይሰጡንም፣ በኮባ ቅጠል ነበር የሚያፈሱልን፣ ቅጠሉን ደግሞ እኛው እንድንጥለው። ቡዳ ይሉን ነበር። ተሰማ መኪናው ተበላሽቶበት እኛ ሰፈር ሲከርም ተዋወቅን፣ ይዞኝ መጣ፣ «ለእህቴ የቅቤ ነጋዴ ልጅ ነኝ በያት» አለኝ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት የቅቤ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ማታ ማታ ጥፍሬን በእንጨት የምጠርገው ለዚያ ነው፣ ጭቃ ሳልነካ ሃያ ሁለት ዓመት።

ሁሉንም ነገርኳት። እጄን አንስታ ጣቴን ጣቴን ስታይ ቆየች። ከዚያ «አያቴ ማን ትባል ነበር?» አለችኝ። ልጄ የአያቷን ስም አታውቅም ነበር። ጋይሜ፣ አልኳት።

ሠላሳ አምስቱ ቦታቸውን አገኙ። አሥራ አንዱ እምቢ አሉ። በግምት ቁጥር ጻፊባቸው፣ ማን ያውቃል ብላት፣ «እንዲህማ አይሆንም፣ አንዱ ከተዋሸ የሌላውም አይታመንም» አለች። አሥራ አንዱን ያለ ቁጥር ለብቻ ጠቀለለቻቸው። ነገ ለመምህሩ የሆነውን ሁሉ ልትነግር ነው። ጸበሉንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ካርቶኑን አቅፋ በማለዳ ወጣች። ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት።

ደጃችን ያለችውን ትንሿን ሱቄን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ደግሞ ከፈትኩ። ጨው ለጠየቀች ሴት ስኳር ሰጠሁ። ስድስት ሰዓት ላይ አንዱ ደንበኛ ስድስት ኪሎ ተማሪና ፖሊስ ተፋጠው አየሁ አለኝ። የካርቶኑን ነገር ረሳሁት፣ ልጄን ብቻ መልስልኝ አልኩ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አምስት አውቶቡስ አለፈ። ከስድስተኛው ወረደች፣ እጇ ባዶ ነው።

«ፈረሙ?»

«አልፈረሙም። አልፈርምም ግን አላሉም።»

እየሄድን ነገረችኝ። መጀመሪያ በጣም ተቆጧት፣ ቀለሙ እንዳይለቅ መቀባት የነበረባትን ነገር ሳትቀባ ዕቃውን ቤት በመውሰዷ። ጸበሉ ጋ ስትደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፣ መሳቃቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባትም። ከዚያ የተወቀጠ ገል ያለበትን ክምር በአጉሊ መነጽር አዩት፣ ረጅም ጊዜ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«እናቴ።»

«እሳቸው የት ተማሩት?»

«ከአያቴ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች» አለች፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ እየሰማ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። እኔ እዚያ መንገድ ላይ የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ።

«ለምን ተናገርሽ ልጄ?»

«ስለጠየቁኝ» አለች።

ሰኞ በሦስት ሰዓት እናትሽን ይዘሽ ነይ ብለዋታል። አሥራ አንዱን አብረን እንየው ብለዋል።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ወሰንኩ። እትዬ የሺ መጡ፣ ሻይ ቀዳሁላቸው።

«ታዲያ ያ አስተማሪ ምን አላት?»

ነገርኳቸው። ልጅቱ ገል መለየት ከእኔ ተማረች፣ እኔ ከእናቴ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች አልኩ። ባንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገባሁት።

ብርጭቆው አፋቸው አጠገብ ነበር። እዚያው ቆመ።

«ተሰማ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

ሻዩን አስቀመጡት። ግማሹ አልተጠጣም። «ልሂድ፣ መሽቶብኛል» አሉ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ከእጄ በልተዋል። አንድ ቀን አልታመሙም።

እሑድ፣ ኅዳር 17

ተሰማ ትናንት ገባ። ነገርኩት። ጫማውን አውልቆ ጥግ አስቀመጠና «እኔ ነኝ ዋሺ ያልኩሽ፣ እህቴን ለእኔ ተያት» አለ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እህቱ ጋ ሄደ፣ እስካሁን አልተመለሰም። እትዬ የሺ በደጄ አላለፉም። አልፈውም ከሆነ አላየሁም፣ ሦስት ጊዜ ወጥቼ አይቻለሁ።

ወይንሸት ጓዳ ውስጥ የግሪኩን ፊደል ጮክ ብላ ታጠናለች። አልፋ፣ ቤታ። አልፋን ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ፣ እሱ ሲመጣ አብሬ እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ትሄዳለች። መምህሩ ሰኞ ይፈርሙ አይፈርሙ አናውቅም። እኔ የተማረ ሰው ፊት ምን ብዬ እንደምናገርም አላውቅም። አሥራ አንዱ እጄ ላይም እምቢ ቢሉስ?

የነጩን ቀሚስ ጥለት ተኮስኩ። ጫማዬን ወለወልኩ። እንደልማዴ እንጨት አንስቼ ጥፍሬን ልጠርግ ጀመርኩ፣ ቀኜን ጨረስኩ። ግራዬ ላይ ስደርስ ነገ የምሄደው ሸክላ ልነካ መሆኑ ትዝ አለኝና እንጨቱን ጣልኩት።