ግራ ግራው ብቻ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን
ከሱቃችን

ውድ አኩራፊዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ብርድ ሲሆን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን እንደምታውቀው ጤነኛ ነው።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ። ስልክ ላይ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ እብስብሃለሁ፣ ከዚያ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ አንብበኸው ነው።

የምትጠብቀውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርህ። የስፌት ማሽኑ አልተሸጠም፣ አይሸጥምም። ከተናደድክ ውሃ ጠጥተህ ተመለስ፤ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ እነግርሃለሁ።

«በእጅ የተሠራ ነጠላ ጫማ ጊዜው አልፎበታል» ብለህ ሌላ ከተማ ሄደህ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ስትገባ ምንም አላልኩም። ማለቴ ብዙ ብያለሁ፣ አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ማሽኑን ለቦርሳ ሠሪው ልትሸጥለት ቃል መግባትህን ከራሱ አፍ ስሰማ ግን ቆሽቴ አረረ። ስደውልልህ «ወሩ እስኪያልቅ ሱቁ ቤቱን ካስተዳደረ ይቅር፤ ካልሆነ ሸጠሽው እኔ ጋ ትመጫለሽ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። የምሸነፍ መስሎህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ።

መደርደሪያው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የሚያየው ሰው ግን የለም። ሱቃችን ጓሮ ውስጥ ስለሆነ ደንበኛ ቀርቶ ፖስተኛውም ይጠፋበታል። ሬዲዮ ጣቢያ ሄጄ የማስታወቂያ ዋጋ ስጠይቅ፣ ልጅቷ የጠራችልኝን ሰምቼ «ጣቢያውን ልትሸጭልኝ ነው እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም። ፎቶ አንስቼ ስልክ ላይ ለጠፍኩ። የወደዱልኝ ያንተ እህትና የእኔ እህት ናቸው፣ ሁለቱም ከእኛ ጫማ አላቸው። ሰፈሩ ደግሞ «ነጠላ ጫማ ስትሠራ ነጠላ ቀረች» እያለ ይቀልድብኛል። መጀመሪያ ሆድ ባሰኝ፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን «መስታወቱ ሥር አስቀምጭው፣ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ያየዋል» አለችኝ። አንድ ጥንድ ሰጠኋት። ሳምንት ሳይሞላ ጫማው እግር አወጣ፤ አንዷ ደንበኛ አድርጋው ሄዳለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሌሎች ጫማዎች እንዲያደርሱልኝ እናትህን ለመንኳቸው። እሳቸው ሲወለውሉ ግራ ግራውን በአንድ ከረጢት፣ ቀኝ ቀኙን በሌላ ከረጢት ይለያሉ። ያን ቀን አንደኛውን ከረጢት ብቻ አንጠልጥለው ሄዱ። ፀጉር ሠሪዋም ሥራ በዝቶባት ሳታይ ደረደረችው።

ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«አንቺ፣ ደንበኞቼ ግራ ገብቷቸዋል።»

«ምን ሆነው?»

«ግራ ነዋ! የላክሽው ሁሉ ግራ ነው።»

እናትህ በድንጋጤ ሮጠው ሊያመጡት ሲነሡ፣ አንዲት ነርስ የግራውን ጫማ በእጇ ይዛ በጓሮው በር ገባች። «ቀኙ እዚህ ነው አሉኝ» አለች። አጠለቀችው፣ ወዲያ ወዲህ ተራመደችበት፣ ሳታወልቀው ከፈለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ሰው ስለሆነች ሶሉ ለስላሳ መሆኑን ወዲያው ነበር ያወቀችው።

ያኔ ገባኝ። ጥንዱን ሰው አድርጎት ይሄዳል፤ አንዱን ብቻ ማንም አይሰርቅም፣ ሁሉም ግን «ሌላውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርቶን ቆራርጬ በእጄ «ቀኙ እኛ ጋ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ስልካችንንና የጓሮውን መግቢያ ጨመርኩ። ግራ ግራውን መድኃኒት ቤት፣ ልብስ ሰፊው ጋ፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ አስቀመጥኩ። ወጪዬ አንድ እስክሪቢቶና የራሴ እግር ነው። ጥርስ ሐኪሙ በሽተኞቹ ወደ ውስጥ ሲጠሩ እንኳ ዓይናቸው ጫማው ላይ እንደሚቀር ነገረኝ።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሰዓት ጠጋኝ በክራንች መጣ። ቀኝ እግሩ የለም። «ቀኙን እዚሁ ያዙት፣ እኔ የምፈልገው ግራውን ነው» ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። እሱ ግን በራሱ ቀልድ ከልቡ ሳቀ፤ እናትህም አብረውት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዕድሜ ልኩን ጥንድ እየገዛ አንዱን ሲጥል ነው የኖረው። እግሩን ለክቼ አንድ ጫማ ሰፋሁለት፣ የአንዱን ብቻ አስከፈልኩት። አሁን ሰዓት ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ወደኛ ይልካል፣ ከእሱ የተሻለ ማስታወቂያ አላየሁም። ነርሷም ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራልኝ ለአንድ የሆስፒታል ክፍል ሙሉ ጫማ አዘውኛል። የዚህን ወር ኪራይና የእናትህን መድኃኒት የከፈለው ሱቁ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቦርሳ ሠሪው የጭነት መኪና ይዞ መጣ። «ባልሽ ቃል ሰጥቶኛል» አለ። እውነቱን ነው፣ ሰጥተኸዋል። ወስፌውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። እናትህ ብድግ ብለው የማሽኑ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ቃል የሰጠህ ልጄ ነው?» አሉት።

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው እሱን ጭነህ ውሰደው። ፋብሪካው የት እንደሆነ ላሳይህ?»

ሰውዬው ራሱ ሳቀ። አንጀቴ ራሰ። ሲሄድ ግን እንደሚደውልልህ ነግሮኛል፤ እንዳትጣላው፣ ጨዋ ሰው ነው። «ቃሌን ያጠፈችው ሚስቴ ናት» በለው። እውነት ነው፣ አልክድም።

ያልሆነልኝንም ልንገርህ። ቆዳ መቁረጥ አልቻልኩም። አንተ ከምታወጣው ግማሹን አባክናለሁ፤ ቁርጥራጩን ስጠርግ ስምህን እያነሣሁ እረግምሃለሁ። የነርሶቹ ትእዛዝ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ቆራጭ አነጋግሬ ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ሊገባ ተስማምተናል። እጁ ጥሩ ነው። መጥቶ ሲሞክር አየሁት፤ ዝም ብሎ ይቆርጣል፣ አያንጎራጉርም። አንተ ስታንጎራጉር ሁልጊዜ «እባክህ ዝም በል» እልህ ነበር። ስትሄድ «አልቅሳለች» ብለው እናትህ ነግረውህ ከሆነ አልዋሹም።

ከእሱ በፊት ከደረስክ ቦታው ያንተ ነው። ከዘገየህ ሁለታችሁም ትቆርጣላችሁ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ እኔ አመጣለሁ። ማሽኑን ሸጬ ወዳንተ መምጣት ግን የለም። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።

መውጫ መግቢያህን ያሳምርልህ። የፋብሪካው ጭስ ደረትህን አይንካው። እናትህ ሹራብህን ልበስ ብለውሃል፣ እኔም ብያለሁ።

ባለቤትህ፣
የሱቁም ባለቤት