ያልበላሁት ወታደር

ይድረስ ለወንድሜ ለኢስማኢል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከነቤተሰብህ እንዴት ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? እማዬ ደህና ናት። እኔም አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ጭንቅላቴ ብቻ ዞሯል። በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ደውዬ፣ ሁለቴም ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት።

ነገሩ ቼዝ ነው። አዎ፣ ሰሌዳውን ከገለበጥኩብህ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ስሙን ያላነሳነው ቼዝ። የመሥሪያ ቤቴ ልጅ ጫልቱ ሳትጠይቀኝ ለክፍለ ከተማው ውድድር አስመዘገበችኝና ባለፈው ቅዳሜ ላፍቶ ሄድኩ። የደረሱኝ አቶ ዱጉማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ነጩን ይዘው፣ ገና በሁለተኛው እርምጃ አንድ ወታደር አምጥተው ወታደሬ ሊበላው የሚችልበት ቦታ ላይ አስቀመጡልኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ አላዩትም ብዬ እንዲመልሱት ነገርኳቸው! ዳኛው ዝም በይ አለኝ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው እንድበላው በእጃቸው ጋበዙኝ። እልህ ያዘኝና በላሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቀኝ። ፈረሱም ንግሥቲቱም በዚያው በተከፈተው መንገድ መጡብኝ፤ በሃያ ሁለተኛው እርምጃ ንጉሤ መሄጃ አጣ።

ሲያበቃ ጠጠሮቹን መልሰው ደርድረው አስረዱኝ። የንጉሥ ጋምቢት የሚባል የድሮ አጀማመር ነው አሉ። ወታደሩ የሚሰጠው ለማጥቃት እንጂ ለደግነት አይደለም፤ ላዘኑለት ሰው እንዲህ አይጫወቱም አሉኝ። ይኸኔ እንባዬ መጣ። ሰው ሁሉ ስለተሸነፍኩ መሰለው።

ኢስማኢል፣ አንተም እኮ ያንኑ ወታደር እዚያው ቦታ ላይ ነበር የምትሰጠኝ። እግሬ በጀሶ ታስሮ በተኛሁበት በዚያ ክረምት፣ ነጭ በደረሰህ ቁጥር። ስለ እግሬ ያዘንክልኝ መስሎኝ አንድ ቀን እንኳ አልበላሁትም። በመጨረሻ ሰደቃ አልፈልግም ብዬ ስገለብጥብህ፣ ጠጠሮቹን ከአልጋው ሥር ለቅመህ ያለ ቃል ወጣህ። እኔም ወንድሜ እንደ ምስኪን ነው የሚያየኝ እያልኩ ቂም ይዤ ኖርኩ። አሁን የቱን ልመን? የምርህን ልታሸንፈኝ ነበር? ከሆነስ ምነው አንዲት ቃል ጠፋህ? ወይስ ጋምቢት መሆኑን አንተም አታውቀውም ነበር? ግራ ገብቶኛል።

ለመርዋ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትንሹን ኑሪን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ትመርቃችኋለች፤ ምን ያስለቅስሻል ብትለኝ ጉንፋን ነው ብያታለሁ። ማስረዳቱ ከከበደህ ተወው። ነጩን ያዝና የመጀመሪያ እርምጃህን ብቻ ጻፍልኝ። በሁለተኛው ያንን ወታደር ከሰጠኸኝ እበላዋለሁ፤ አንተም እንዳታዝንልኝ።

እህትህ ሪሐና
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.