ያልተሣለው ዓይን

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ ንፋስ መውጫ

ልጄ ትዕግሥት ከሞተች ወዲህ ስልኳን የምይዘው እኔ ነኝ። አንዱን ሥዕል በስልክ እየተቀባበሉ አብረዋት ይሥሉ የነበሩት ልጆች ዛሬ የእሷን መልክ በሥዕል ላኩልኝ። ዮናስ የሚባለው «እማማ፣ አስተያየትዎን ይስጡን። አይፈሩ፣ እኛም እርስ በርስ ስንቦጫጨቅ ነው የምንውለው» አለኝ።

መልኩ የልጄ ነው። ግን ወደ ጎን ዞራ ባንድ ዓይን ብቻ ታያለች። በደብራችን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ወዲያው ጻፍሁ።

«ልጄን ምን አድርጋችኋት ነው? ሁለተኛ ዓይኗን ሣሉላት።»

ዮናስ መለሰ። «እማማ፣ መስመሩን ያወጣችው ራሷ ናት፣ ገና ሳትታመም። እኛ ቀለሙን ብቻ ነው የቀባነው። ያኔም ዓይን ጎደለሽ ብለን ተችተናት ነበር።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹አልጎደለኝም፤ በዚያኛው ወዲያ እያየሁበት ነው› አለች። ቀልድ መስሎን ሳቅን። የሌላ ሰው መስመር ያለፈቃድ አንነካም፤ እርስዎ ካሉ ግን እንሥለዋለን።»

ሣሉት ብል ዓይኗን ወዲያ ከሚያይበት አነሣባታለሁ። ተዉት ብል ያየ ሁሉ ክፉ ይላታል። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ደፍቼው ቁጭ ስል፣ ያልተሣለው ዓይን አሁን ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ።