ከየዲስኩ ስለጎደለው ስልሳ ዘጠኝ ጊጋባይት

ይድረስ ለክቡር የመዛግብት መሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ቁጥር የማያመልጠው አእምሮዎ እንዴት ከርሟል? እኔ የጂኦግራፊ መምህርቷና የእርስዎ ንብረት ክፍል ኃላፊ የነበረው ባለቤቴ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ግን በእርስዎ ፊት ቃሌን መጠንቀቅ ስላለብኝ፣ ደኅንነታችን ሙሉ ይሁን ጎደሎ የሚያጣራ ኮሚቴ ቢቋቋም ተቃውሞ እንደሌለኝ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብዎ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ደጅ ጠንቷል፤ ጸሐፊዎም ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል፣ አሁን ገና ገቡ፣ አሁን ደግሞ ወጡ እያለች በትሕትና ስትመልሰው ከርማለች። ያስገባው ማመልከቻም «ጉዳዩ ታይቶ ውሳኔ ያገኘ ስለሆነ» የሚል አጭርና ጨዋ መልስ አግኝቷል። እርስዎ ጋ የሚደርስ ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ ሕዝብ ፊት አላስቸግርዎትም ነበር።

ለማያውቁት አንባቢዎች ባለቤቴን ላስተዋውቅ። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ በሚያሳይ ክፍል፣ በብረት መደርደሪያዎች መካከል የኖረ ሰው ነው። አንድ እሽግ ወረቀትም ይሁን አንዲት እስክሪብቶ ሲያስረክብ «ልክ ነው? ቆጥረው ይቀበሉኝ» ሳይል ከእጁ አይለቅም። አዲስ ተቀጣሪዎች ይስቁበታል፤ ስቀው ስቀው ግን ይቆጥራሉ። በዚህ የተነሣ ስሙ ተረስቶ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ ልክ» ይለው ነበር። እኔም አንዳንዴ ቤት ውስጥ እየቀለድኩ በዚሁ እጠራዋለሁ። እጠራው ነበር ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በቁጥር አስቀምጨዋለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ንብረት በመልኩ ሳይሆን በይዘቱ ይቆጠር ሲሉ ላወጡት አዲስ መመሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቀድሞው ዘመን ቆጣሪዎች ወደ ንብረት ክፍል ወርደው ስምንት ዲስክ ካገኙ «ስምንት» ብለው ጽፈው ይወጡ ነበር። በእርስዎ ዘመን ግን የድሮ የቤት ፕላኖችን ስካን አድርጎ ለማስቀመጥ የተገዙት እነዚያው ስምንት ዲስኮች አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተሰክተው ታዩ። ካርቶኑ «አንድ ቴራባይት» ይላል፤ ኮምፒውተሩ «931 ጊጋባይት» ይላል። እርስዎ ወዲያው እስክሪብቶ አነሡና ከሺህ ላይ ቀንሰው ከየዲስኩ ስልሳ ዘጠኝ፣ በድምሩ አምስት መቶ ሃምሳ ሁለት ጊጋባይት መጥፋቱን ደረሱበት። መቀነሱን በትክክል መቀነስዎን እኔም አረጋግጫለሁ። ስምንቱም ላይ እኩል መጉደሉ አንድም ሰው አለማስደነቁ ግን ይገርመኛል፤ እንዲህ እኩል የሚያካፍል ሌባ ቢገኝ ኖሮ የሥራ ድልደላውን እሱ እንዲመራልን በጠየቅን ነበር።

ሁለተኛ፤ ጉድለቱን እንዲያጣራ ስላቋቋሙት ኮሚቴ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ አንድ ቴራባይት አንድ ሺህ ሃያ አራት ጊጋባይት ነው ሲባል ሰምቻለሁ ብለው የጎደለው ዘጠና ሦስት ነው አሉ፤ የተቀሩት ስልሳ ዘጠኝ ነው አሉ። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። በቃለ ጉባኤውም ላይ «ለሠራተኛው ሲባል አነስተኛው ጉድለት ተወስዷል» የሚል ሰፈረ። ስለ ርኅራኄያችሁ አመሰግናለሁ። ሁለት ሰዎች አንድን ዕቃ ለክተው የተለያየ ቁጥር ሲያገኙ ከዕቃው በፊት መለኪያው መታየት እንዳለበት ለአንዳችሁም ብልጭ አለማለቱን ግን አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

ሦስተኛ፤ ባለቤቴ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቦርሳው በር ላይ እንዲፈተሽ ስላዘዙ። የበር ጥበቃው አብሮት ያረጀ ወዳጁ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ፈትሽ ተብዬ ነው እንጂ ከልቤ እንዳይመስልዎ። ግን ይሄ ጊጋባይት የሚሉት ነገር ድቡልቡል ነው ወይስ ረዘም ያለ?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴም «እኔም አይቼው አላውቅም፤ ብቻ አንተ በደንብ ፈትሽ» አለው። የምሳ ዕቃው፣ የመነጽሩ ቤትና ጋዜጣው ተገላብጠው ታዩ፤ የትንሿ ሬድዮው ባትሪ ድንጋዮች ለማጣሪያ ተይዘው ቀሩ። ባትሪዎቹ ከጊጋባይት ነጻ መሆናቸው ተረጋግጦ ከሆነ በደብዳቤ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።

አራተኛ፤ ይህኛው ለእኛ ብቻ የተዋለ ውለታ አይደለም። የጠፋው ጊጋባይት ምናልባት ከፋይሎቹ ሥር ተደብቆ ሊሆን ይችላል ተብሎ፣ ሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ዲስኮች ሙሉ በሙሉ ተሰርዘው ባዶአቸውን እንዲለኩ አዘዙ። በስካን ክፍሉ ያሉ ሁለት እህቶች ለወራት ወገባቸው እስኪቆረጥ ቆመው፣ የተቀዳደደ ፕላን በመዳፋቸው እየዳበሱ ያስገቡት ሥራ በአንድ ቁልፍ ሄደ። ዲስኩ ባዶውን ተለካ፤ 931 አለ። ሕፃን ልጅ እንኳ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ልኩ ይሄ ነበራ» ይል ነበር። ኮሚቴዎ ግን «ጉድለቱ በድጋሚ ተረጋግጧል» ብሎ ፈረመ። ከሁለቱ አንዷ ምድር ቤት ወርዳ «ጋሽ ልክ፣ ድካማችንስ ይሁን፤ እርስዎን እንኳ ነጻ ቢያወጣልን ምን ነበረበት» ብላ አልቅሳለች። እሷን ሲያባብል የዋለው ተከሳሹ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎ። ይህ የተማረ ወጣት ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ እጁን አነሣ፤ እርስዎ ገና ሳይፈቅዱለት «ኪሎ ማለት ሺህ ነው፤ ይሄንን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም» አሉ። ያ የተነሣ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ማጅራት አክኮ ወረደ። ከዚያም ፈረመ። ባለቤቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለነበር እጁን ሲወጣም ሲወርድም አይቶታል። ሲወጡ ደረጃው ላይ ጠብቆ «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለውና ሁሉንም እዚያው ቆሞ አስረዳው። ባለቤቴም ምን አለው መሰለዎት? «አይዞህ» አለው። እኔ ብሆን ኖሮ ሌላ ቃል አላጣም ነበር።

ክቡርነትዎ ያን እጅ ሳይሰሙት ስላለፉት፣ ሊል የነበረውን እኔ ልበልለት። ባይት ማለት ትንሿ ማኖሪያ ናት፤ የእኛ አንድ ፊደል እንኳ ሦስት ባይት ይፈልጋል። ዲስክ ሠሪዎቹ እርስዎ እንዳሉት ይቆጥራሉ፤ ሺህ ባይት ኪሎ፣ ሺህ ኪሎ ሜጋ፣ ሺህ ሜጋ ጊጋ፣ ሺህ ጊጋ ቴራ። ያ ኮምፒውተር ግን ሁለትን በሁለት እያባዛ ስለሚሄድ፣ ለሺህ በጣም የምትቀርበው ማረፊያው አንድ ሺህ ሃያ አራት ናት፤ ኪሎ የሚላትም እሷን ነው። ኪሎ ላይ ሃያ አራት ብቻ የነበረችው ልዩነት ሜጋ ላይ፣ ከዚያም ጊጋ ላይ እየተደራረበች ታብጣለች። ስለዚህ ሠሪው ሺህ ጊጋባይት ያለውን ኮምፒውተሩ 931 ይለዋል። ማንም ምንም አልወሰደም። እኔ ለሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ አንድ መንገድ በኪሎሜትር መቶ፣ በማይል ደግሞ ስልሳ ሁለት መሆኑን ስነግራቸው «ቲቸር፣ ሠላሳ ስምንቱን ማን ሰረቀው?» ያለኝ ተማሪ እስካሁን የለም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህን ለማወቅ ባለሙያም መጽሐፍም አለማስፈለጉ ነው። ኮምፒውተሩ 931 በሚልበት በዚያው መስኮት፣ ከቁጥሩ ጎን፣ የዲስኩ መጠን በባይት ተጽፏል፤ አሥራ ሦስት አኃዝ፣ አንድ ትሪሊዮን ሞልቶ ትንሽም የተረፈው። ኮሚቴው በሙሉ ተደርድሮ አይቶታል። ቁጥሩ ስለረዘመ ማንም አላነበበውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። ቁልፎቹ ተወሰዱ። ባለቤቴ የሥራ መደብ ሳይሰጠው ኮሪደር ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ወንበር ተሰጠው፤ ወረቀት ሊያባዛ የሚመጣ ሁሉ እያየው ያልፋል። ስሙም «በእጁ ባለ ንብረት ላይ ጉድለት በማሳየቱ» ከሚል ጽሑፍ ጋር፣ ከምሳ አዳራሹ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተለጠፈ። ቀልደኞቹ ወጣቶች አሁን «ጋሽ ጊጋ» ነው የሚሉት። ክፋት የላቸውም፤ ሳቃቸው ብቻ ነው። እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉም ይቅር ማለት ያቃተኝ የሚከተለው ነው። ያ ወጣት ደረጃው ላይ ሁሉን ካስረዳው በኋላ እንኳ፣ ባለቤቴ ስኳር ወደ ዕቃው ሲገለብጥ «ጎድሎ ይሆን?» እያለ ቆሞ ያየዋል። ሱቅ ልኬው ሲመጣ ያመጣውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «እስቲ አንቺ ቁጠሪው፤ እኔ እንጃ» ይለኛል። አንድ ቀን እጁን ሲታጠብ ቆየና ወደ እኔ ሳይዞር «ምናልባት ሳላውቅ ያደረግሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። ዕድሜ ልኩን እጁን አምኖ የኖረ ሰው እጁን ተጠራጠረ። እርስዎ ከዲስኩ ላይ ጎደለ ያሉት አልጎደለም፤ ከዚህ ሰው ላይ ግን በእርግጥ ጎድሏል፤ ይህንን የሚለካ ኮሚቴ የለዎትም። ጡረታው ደጃፍ ላይ ቆሟል። የስንብት ዝግጅት እንዳይደረግለት አስቀድሞ ጠይቋል፤ ሰው ምን ብሎ ይናገርልኛል ብሎ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ሹመት አንልም፤ ቁልፉም ይቅር፤ ባትሪውንም ትተነዋል። እሱ ያን ደጅ ለመጨረሻ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው መጠን ባለው ፊደል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይለጠፍልን፦ ጋሽ ልክ ምንም አላጎደሉም።

ቦታ ይይዛል ብለው እንዳይሰጉ ለክቼልዎታለሁ። አሥራ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ክፍት ቦታና አንድ አራት ነጥብ፤ አርባ አምስት ባይት ነው። ወደ ኪሎም ወደ ጊጋም ስለማይደርስ በእርስዎ አቆጣጠርም፣ በኮምፒውተሩ አቆጣጠርም፣ በባለቤቴ አቆጣጠርም ያው አርባ አምስት ነው።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ሺህን ከሺህ የማያሳስት ጤና፣ ቆጥሮ የሚያስረክብ ታማኝ ሠራተኛ፣ እጁን አንሥቶ የማያወርድ ባለሙያም እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
የጋሽ ልክ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ጠረጴዛዎ ላይ ያለውን አዲሱን ላፕቶፕ ያስረከበዎት ባለቤቴ ነው። ካርቶኑ ላይ 512 ጊጋባይት ይል እንደነበርና እሽጉን በገዛ እጅዎ እንደቀደዱት፣ «ልክ ነው? ቆጥረው ይቀበሉኝ» ሲልዎትም «ልክ ነው» ብለው እንደፈረሙ ያስታውሳል። እባክዎ አሁን ከፍተው ይመልከቱት፤ 476 ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእርስዎ በቀር ማንም አልነካውምና፣ ሠላሳ ስድስቱን ጊጋባይት የት እንዳደረሱት በራስዎ መመሪያ መሠረት ለኮሚቴው እስኪያስረዱ ድረስ፣ የሚቀመጡበት እንዳያጡ፣ ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ባዶ የሚሆነው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለው ወንበር እንዳይወገድ ይንገሩልኝ።