የጋሽ ሊስተካከል የሕይወት ታሪክ፣ ከነግንድ መሰንጠቂያቸው

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሊስተካከል እያለ የሚጠራቸው በያጅ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ብየዳ ሠልጥነው በአውቶቡስ ጋራዥ ለሠላሳ አራት ዓመት አገልግለዋል። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከጋራዡ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አምስት ልጆች አፍርተዋል። እስከዚህ ያለው የብዙ ሰው ታሪክ ነው። የእሳቸው የሚጀምረው በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ የጓሯቸውን ትልቅ ዛፍ ነፋስ የጣለው ዕለት ነው።

በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረው ጠረጴዛ አራት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ቤተሰቡ የሚበላው በፈረቃ ነበር። ጋሽ ሊስተካከል ግንዱ ላይ ቆመው ሰባቱም እኩል የሚቀመጡበት ጠረጴዛ በእጃቸው እንደሚሠሩ፣ ጣውላውንም ማንም እንደማይሰነጥቅላቸው ቃል ገቡ። ግንዱን በቆርቆሮ ሸፈኑት። ከዚያም የሰንሰለት መጋዝ በጎኑ አስተኝተው፣ በብረት አቅፈው፣ በመሰላል ላይ የሚንሸራተት ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ሠሩ።

ለመሞከሪያ በሌላ ግንድ ላይ ያወጡት የመጀመሪያው ጣውላ በአንድ ጫፉ አራት ጣት፣ በሌላው ሁለት ጣት ሆነ። “ግድ የለም፣ ሊስተካከል ነው” አሉ። ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

መሰላሉ ይረግባል ብለው በአልጋ ብረት ተኩት፤ የአልጋውን ብረት በቱቦላሬ። የሕፃን ጋሪ ጎማ ገጠሙለት። ከሻምፑ ጠርሙስ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ሠሩለት፤ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ እንዲሳብ አደረጉት። ጣውላው ግን ያው ነው፤ ሁልጊዜ ወደዚያው ጎን ይዘማል። በየሙከራው ውሃ ልክ ይዛ ትቆም የነበረችው ይህን የምትጽፈው የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። እውነቱን ለመናገር አንጀቷ እያረረ ነበር የምትቆመው።

ባለቤታቸው ገና በመጀመሪያው ዓመት “ስትሞርደው እኮ አንዱን ጎን ጥርስ አብዝተህ ትበላዋለህ” ብለዋቸው ነበር። “አንቺ ዕቃ ግምጃ ቤትሽን ጠብቂ!” የሚል መልስ ስላገኙ ዳግመኛ ስለ መሰንጠቂያው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባልየው ብሎን ይቀያይራሉ፤ ሚስትየው ዝም። ልጆችም በመካከሉ አደጉ። የመጀመሪያዋ አግብታ ወጣች፣ ሁለቱ ሥራ አግኝተው ራቁ፣ መንትዮቹም ተከተሉ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እንደሚባለው፣ ቃሉ ጸንቶ ቤቱ ባዶ ሆነ። ልጆች በስልክ “አባዬ፣ ግንዱን መሰንጠቂያ ቤት ወስደህ አሰንጥቀውና ተገላገል” ሲሏቸው ይቆጡ ነበር።

ሌላም አለ፤ ለቀብር ባይነገር ይሻል ነበር፣ ግን ልጃቸው ይዛው መኖር አትችልም። የሚበተነውን ፍቅፋቂ ለመከለል ቆርቆሮ ሲያስፈልጋቸው፣ ግንዱ ላይ የነበረውን ገፈው ወሰዱት። “ለሁለት ቀን ነው” አሉ። ዘጠኝ ክረምት ሆነ።

አምና ቀኝ ትከሻቸውን ሲያማቸው መሞረድ አቃታቸው። ባለቤታቸው ግራኝ ናቸው። ሞረዱን አንስተው የሰንሰለቱን ጥርስ በሙሉ በግራ እጃቸው ሞረዱ። በዚያን ቀን ጣውላው እንደ ወትሮው ዘመመ፤ ግን ወደ ተቃራኒው ጎን። ጋሽ ሊስተካከል ጣውላውን ከድሮዎቹ ጎን አጋድመው አስተያዩት። አሥራ ስምንት ዓመት ያስተካከሉት ብረት አንድም ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ያለው እጃቸው ላይ ነበር። በመጨረሻ “በይ እንግዲህ፣ አንዱ ጎን የእኔ፣ አንዱ ጎን ያንቺ” አሉ። በማግስቱ፣ እሳቸው በታመመው እጃቸው እያቃሰቱ፣ በሁለት ሰው እጅ የተሞረደው ሰንሰለት ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጣት የሆነ ጣውላ አወጣ።

ከዚያ የጓሮው ግንድ ተከፈተ። ውስጡ በስብሶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግንድ ደህና የወጣው አንድ ጣውላ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ያን ቀን መጥታ ቆማ ነበር፤ ተናደደች፣ ጮኸችባቸውም። እሳቸው ግን ጣውላውን ልገው ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠረጴዛ ሠሩ፤ ከባለቤታቸው ጋርም ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰባት ወር በሉበት።

የትከሻ ሕመም የተባለው የሳንባ ሆኖ ተገኘ። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውንና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ጋሽ ሊስተካከል ለጩኸቷ ይቅርታ ሳትጠይቃቸው ስላመለጧት፣ የመጀመሪያ ልጃቸው እዚህ፣ በሁላችሁ ፊት ትጠይቃቸዋለች።

የሐዘን መግለጫው መዝገብ በር ላይ የተቀመጠው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አምስቱም ልጆች ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ዙሪያውን ቆመው ፈርመዋል፤ አልበቃቸውም፣ ተጋፍተው ነው። ስትፈርሙ መዳፋችሁን አሳርፉበት። አይወዛወዝም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን።