ዝም ያለው በረኛ

ሰኞ

ትናንት ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ሁለተኛዋስ ይሁን፣ ቦንጋዎች ለፍተው ያገቧት ናት፣ ይገባቸዋል። ቁርስ ያስጠላችኝ የመጀመሪያዋ ናት።

ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ነበረች። ከፍ ያለች፣ የማትቸኩል፣ በዚህ በተበላሸ ጉልበቴ እኔ እንኳ የምይዛት። በረኛችን ዘነበ ወጣ አለና ቆመ። አምበላችን አየለ በጭንቅላት ሊመታ ሊዘል አለና እሱም ቆመ። ተያዩ። ኳሷ በመሀላቸው ነጥራ ገባች። ሜዳውን የከበበው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ «በረኛው ይውጣ» ማለት ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ጎል ዘንድሮ ሲገባብን ደግሞ የመጀመሪያችን አይደለም።

ዛሬ ጠዋት የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ ሸምሱ ሱቃቸው አስጠሩኝ። በጨርቅ ጣቃ መሀል አስቀምጠው ሻይ አዘዙልኝ። ሻይ ካዘዙ ነገር አለ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ ልምድ ያለው በረኛ አግኝተዋል፣ ለመምጣትም ፈቃደኛ ነው። እሁድ ከቴፒ ጋር የምንጫወተውን እንይና ለዓመቱ ቋሚ ተሰላፊው ማን እንደሆነ ቁርጡን ንገረኝ አሉኝ። ልጁ ይማርበት ብዬ ልከራከር ስል፣ እሱ እየተማረ የሚሸነፈው ከተማው ነው አሉ። እውነታቸውን ነው።

ዘነበ የማጂ ልጅ ነው። አየለ አጎቱ ነው። አባቱ ሲሞት ወደዚህ ወደ ሚዛን ከተማ አምጥቶ ያሳደገው፣ ያስተማረው አየለ ነው። ልጁ አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣለትም። የቡድኑ ቋሚ በረኛ ከሆነ ከተማው ሥራ ያስገባዋል፣ ካልሆነ ግን ማጂ ወደ እናቱ መመለሱ ነው፤ ይህንን አየለ ራሱ ነግሮኛል። ማጂ መመለስ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን እነዚያን እጆች የሰጠው እግዚአብሔር ለኳስ ብሎ ነው፣ እኔ በረኛ ሆኜ ስለኖርኩ አውቃለሁ።

እስቲ ልጻፈው፣ ምናልባት ይለይልኝ።

ለዘነበ፦ እጁ። ዝላዩ። ዝናብም ጭቃም ከልምምድ አያስቀረውም። ጨዋነቱ፣ እንደሱ ያለ ጨዋ ልጅ አላሠለጠንኩም።

በዘነበ ላይ፦ ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ ይደርቃል። ተከላካዮቹን አይመራም። ጎል ከገባበት በኋላ መሬት መሬት ያያል።

አልለየልኝም።

ማክሰኞ

ሙሉ ቀን ዘነበ (ዝናቡ ማለቴ ነው፣ ልጁማ ስሙን ያገኘው እንዲህ ባለ ቀን መሆን አለበት)። ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜዬን ልጆቹን ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ስለ ደም ዝውውር ሳወራ ዋልኩ። እነሱም አዛጉ እኔም አዛጋሁ።

ማታ ልምምድ። ዘነበን ለብቻው ወሰድኩት። ከግራ አሻማሁለት፣ ከቀኝ አሻማሁለት፣ የረጠበውን ኳስ ከፍ አድርጌም ዝቅ አድርጌም። ሁሉንም ያዘ ማለት ይቻላል። አንዳንዷ ከእጁ ብታመልጥም ተከትሎ ያንቃታል። ብቻውን ሲሆን እንዲህ ነው። ታዲያ እሁድ እሁድ ምን ይነካዋል?

ምን እንደሚያስፈራው ጠየቅኩት። «ምንም ጋሼ።» ሕዝቡ ነው? «አይደለም ጋሼ።» ተጋጭተህ እንዳትጎዳ ነው? «አይ ጋሼ።» ከግድግዳ ጋር ሳወራ ብውል ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ይህንኑ ለባለቤቴ ለአስቴር ነገርኳት፣ እሷ ደግሞ ስለ ኳስ መስማት ካቆመች ቆይታለች። የጅማውን አምጣና ተገላገል አለችኝ። ከዚያ ጉልበቴን በሙቅ ውሃ አሸችልኝ። ምላሷ እንደዚህ ባይሆን እጇን ስሜ አልጠግብም ነበር። ብቻ ተመስገን፣ ጉልበቴ ዛሬ ይሻላል።

ረቡዕ

ጉድ ነው ዛሬ ያየሁት።

አየለ አልመጣም። ቡናው ቀልቷል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለችውን ማሳውን ሊያስለቅም ሄዷል። ግማሹ ተጫዋች በዚህ ሰሞን እንደዚሁ ነው፣ የመጣውም እጁ በቡና ጠቁሮ ነው የሚመጣው። ያሉትን ለሁለት ከፍዬ አጫወትኳቸው። በአየለ ቦታ አንድ የዘነበን እኩያ አቆምኩ።

ዘነበ ጮኸ። ዘነበ! «ተወው!» «ወደ ግራ!» «የኔ ነው፣ ውጣልኝ!» ድምፁ መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ፊሽካዬን ልውጠው ነበር። የተሻማውን ሁሉ ከሰው ጭንቅላት ላይ እየለቀመ ያወርዳል። አንዷንም አላስገባም።

የቡናው ድካም ነው፣ አጥቂዎቹ ዝለዋል ብዬ ራሴን ለማረጋጋት ሞከርኩ። ግን ልቤ ቅቤ ጠጥቷል። አስቴር ምን ያስፈግግሃል አለችኝ።

ሐሙስ

አየለ ቤት ሄጄ መምጣቴ ነው። ስለ አቶ ሸምሱ ነገር በሩቁ ላነሳበት ነበር የሄድኩት። እራት ሳትቀምስ ብትሄድ ተቀያየምን አለኝ፣ ተቀመጥኩ።

ዘነበ የእጅ ውሃ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለአጎቱ። ጎንበስ ብሎ። ከዚያ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። አየለ ሲነሳ መንገድ ይለቅለታል፣ አየለ ሲናገር ዓይኑን ይሰብራል፣ አየለ ውሃ ሲል ውሃው ቀድሞት መጥቷል። ብላ ካልተባለ አይቀርብም። በዚህ ቤት ይህ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ አልሰማሁም።

እጄ ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። የእሁዷ ኳስ መጣችብኝ። ዘነበና አየለ ተያይተው የቆሙባት ኳስ። ሁሌም እኮ እንደዚያ የሚገባብን አየለ ኳሷ ስር ሲሆን ነው!

ዘነበ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ጭቃው ላይ በእጁ ባትሪ እያበራልኝ ነበር። ለምን አየለን ልቀቅልኝ አትለውም ብዬ ጠየቅኩት። ምንም ጋሼ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ባጃጅ መጣች፣ አሳለፍናት።

«ጋሼ፣ ያሳደገኝን ሰው በአገር ፊት እንዴት ብዬ ልጩህበት?» አለኝ።

አሥራ ምናምን ዓመት ሳሠለጥን ስንት ዓይነት በረኛ አየሁ። ፈሪ አይቻለሁ፣ ሰነፍ አይቻለሁ፣ ጠጥቶ የሚመጣ አይቻለሁ። በመከባበር ምክንያት ጎል የሚገባበት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፈሪ አለመሆኑን በማወቄ ብቻ መንገዱን በሙሉ ተመስገን እያልኩ ገባሁ።

አርብ

ለአየለ ነገርኩት። ከሥራ ሲወጣ ጠብቄ ሻይ ቤት አስገባሁት። እኔም እንደ አቶ ሸምሱ ሻይ አዘዝኩ።

ፊቱ ተለዋወጠ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው? አለኝ። አይደለም አልኩት። እንግዲያው ልጁ እንዲሰለፍ እኔን አስወጣኝ አለኝ፣ ከልቡ ነው። አየለን አስወጥቼ ቴፒን ልገጥም? እብድ ነኝ እንዴ? ከእሱ የተሻለ ተከላካይ እዚህ አካባቢ የለም። ሁለቱንም ነው የምፈልገው አልኩት።

ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ ልጁን ለእኔ ተወው ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ

ሳቅ ይግደለኝ ወይስ ልቅሶ?

አየለ ትናንት አመሻሹን ዘነበን ግቢው መሀል አቁሞ ጩህብኝ ይለዋል። ልጁ እምቢ። ለምን፣ ምን ሲደረግ። አየለ ካልጮህክ እራት የለም ይላል። ልጁ ጾሙን ለማደር ተዘጋጀ። በስንት ጭቅጭቅ፣ በስንት ልመና፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ «ልቀቅ! ውጣልኝ ከፊቴ!» ብሎ አንባረቀ።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከአጥር ማዶ ያሉት እማማ ብርቄ ነጠላቸውን እያጣፉ ደረሱ፣ ሁለት ሽማግሌም ተከትለዋቸው ገቡ። አሳድጎህ፣ አስተምሮህ፣ ከቤቱ ውጣ ትለዋለህ? አሉት። አየለ ልምምድ ነው ቢል ማን ይስማው። ገመናውን ሊሸፍንለት ነው አሉ። ዘነበን የአጎቱን ጉልበት አስመው ይቅርታ አስጠየቁት። መርቀው፣ እራት በልተው ሄዱ።

እና ዛሬ ልምምድ ላይ ልጁ ጭራሹን ዲዳ ሆኖ መጣ። ካለፈው እሁድ ባሰ። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትሻማ እሱም ቆመ፣ አየለም ቆመ፣ እኔም ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው አየለ ኳሷን በእግሩ አቁሞ ወደ ጎሉ የሄደው። አልተቆጣም፣ በቀስታ ነው የተናገረው።

«ዘነበ፣ እንደምታከብረኝ አውቃለሁ። ግን ባለፈው አገር ሲስቅብኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር። አንዲት ቃል ብትጮህብኝ አይሳቅብኝም ነበር። እዚህ ሜዳ ውስጥ የሚያዋርደኝ ዝምታህ ነው።»

ልጁ እሺ ጋሼ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እሺ ጋሼውን ግን ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አቶ ሸምሱ ለጅማው ልጅ ስልክ ደውለው ጠብቀኝ ብለውታል አሉ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ቋሚዬ ዘነበ ነው የምለው በምን አፌ ነው?

እሁድ

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ ባይነበብ አይገርምም።

ቴፒዎች ገና ሲጀመር ከፍ ባለ ኳስ መጡ። ሰምተዋል ማለት ነው፣ እኛ ሰፈር ምን ይደበቃል። የመጀመሪያው ተሻማ። ዘነበ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። አየለም አልነካትም። ኳሷ የጎሉን ቋሚ ታክካ ወጣች። ከጀርባዬ አቶ ሸምሱ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ዞሬ አላየኋቸውም።

ሁለተኛው ተሻማ። አየለ ለመዝለል ጉልበቱን አጠፈ።

«ልቀቅ!»

ሜዳው በሙሉ ሰማ። አየለ ያን ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ከመሬት ተለጠፈ። ዘነበ በላዩ ዘሎ ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። ከዚያ ከደጋፊው መሀል እማማ ብርቄ ብድግ ብለው ይሄ ልጅ ዛሬም ጀመረው ሲሉ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አየለ ከጭቃው ሲነሳ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። አየለን ወደ ቀኝ፣ አየለን ወደ ኋላ፣ ሰውህን ያዝ። አየለም እንደ ምልምል ወታደር ይታዘዛል። አንድ አገባን። ልናሸንፍ ነው ስል ከሩቅ የተመታች ቀላል ኳስ ከዘነበ እጅ ሾልካ ገባች። አንድ ለአንድ አለቀ።

አቶ ሸምሱ ጠበቁኝ። ጩኸቱ መልካም ነው፣ ያቺ የሾለከችውስ አሉኝ። እሷን ማስተማር የኔ ሥራ ነው፣ ቋሚ በረኛዬ ዘነበ ነው፣ ለዓመቱ፣ አልኳቸው። ድምፄ እኔው ከጠበቅኩት በላይ ጎላ። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ኃላፊነቱ ያንተ ነው አሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ጅማ ደወሉና ልጁን አትምጣ አሉት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ዘነበ ከጎሉ ጀርባ ከአየለ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ሄጄ ነገርኩት። ዘንድሮ በረኛው አንተ ነህ፣ ማጂ የምትሄደው እናትህን ለመጠየቅ ብቻ ነው አልኩት። ተነስቶ ቆመ። እሺ ጋሼ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ መሬት መሬት አላየም፣ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ጓንቱ ይጠበኛል» አለኝ።

ከመቼ ጀምሮ? ከመስከረም። እኔው በእጄ፣ ስጫወት የነበርኩበት ነው ብዬ፣ በክብር የሰጠሁት ጓንት ነው። እጁን ተቀብዬ ላወልቅለት ሞከርኩ፣ ጓንቱ እምቢ አለኝ፣ አየለ ከዚያ ወገን እየጎተተ በስንት ትግል ወጣ። ጣቶቹ ነጭ ሆነው ተጣብቀዋል። በዚህ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ ኳስ ሲይዝልኝ የከረመው። አየለ ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ አፌን ከፍቼ፣ መልሱን ስለማውቀው ዘጋሁት።

ለካ እኔም ጋሼ ነኝ።

ተመስገን። ነገ ጠዋት ጓንት ፍለጋ እወጣለሁ፣ ልጁንም ይዤው ነው የምሄደው፣ ራሱ ለክቶ ይሄኛው ይሁንልኝ ይበል።